ከማማ እስከ ጂፕ፦ ነብር የሚያሳዩ ሰዎች ታሪክ

መጀመሪያ የቃል ችግር እንፍታ። እኛ አገር «ነብር» ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው ወደ ዝንጉርጉሩ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደሚተኛው፣ ሌሊት መጥቶ ፍየል ወደሚወስደው አውሬ ነው። ህንድ ያለው፣ ብርቱካናማ ቆዳው ላይ ጥቁር መስመር የወረደበትና ወንዱ ከ200 ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችለው አውሬ ግን ሌላ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ በዱር ኖሮ አያውቅም። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ስላለው አንዳንዱ «የቤንጋል ነብር» ይላል፣ አንዳንዱ በቀጥታ «ታይገር»። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ነብር ስል ባለ መስመሩን ማለቴ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ህንድ ለትምህርት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ ወደ ራጃስታን ወርጃለሁ፤ አንዴ ነብር ለማየት ራንታምቦር፣ አንዴ ደግሞ ወፍ ለማየት ባራትፑር። ሁለቱም ከዴሊ ወደ ሙምባይ በሚወስደው የባቡር መስመር ላይ ናቸው። ነብር አየሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ አይቻለሁ፤ ለአራት ደቂቃ ያህል፣ ያውም አብዛኛውን ከኋላው። ወፉንማ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እስከዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጡት ግን እንስሳቱን ያሳዩን ሰዎች ናቸው። አፈር ላይ ያለ ዱካ እንደ ጋዜጣ የሚያነበው አስጎብኚ፣ ሞተሩን አጥፍቶ በጆሮው የሚፈልገው ሹፌር፣ ሪክሾውን እየነዳ የወፍ ስም በሁለት ቋንቋ የሚጠራልኝ ሽማግሌ። ይሄን ሁሉ እውቀት ከየት አመጡት? መልሱን ስፈልግ የደረስኩት አደን ላይ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱና መዝገቡ

ከሙጋል ነገሥታት አንዱ የሆነው ጃሃንጊር (ከ1605 እስከ 1627 የገዛው) ሁሉን ነገር መመዝገብ የሚወድ ሰው ነበር። በግል ማስታወሻው ውስጥ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የታደነውን ሁሉ አስቆጥሮ አስፍሯል። እሱ ባለበት የተገደለው አውሬና ወፍ 28,532 ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 17,167ቱን በገዛ እጁ ነው የገደለው። ከእነዚህ 86ቱ «ሼር» ናቸው። እዚህ ላይ የኛው ችግር ተመልሶ ይመጣል። «ሼር» የሚለው የፋርስ ቃል ለአንበሳም ለነብርም ስለሚያገለግል፣ አንዱ ተርጓሚ «ነብር» ሲለው ሌላው «አንበሳ» ብሎታል። የቃል ድህነት የአማርኛ ብቻ አይደለም፣ አይዟችሁ።

ይኸው ሰው ደግሞ እንስሳን በመግደል ብቻ የሚረካ አልነበረም። ማንሱር የሚባል የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበረው፤ ያየውን ወፍና አውሬ እንዲስልለት ያዘዋል። በ1621 የቱርክ ሰዎች ከሐበሻ ምድር አንድ የሜዳ አህያ አምጥተው ሰጡት። ጃሃንጊር መስመሩ በቀለም የተቀባ ነው ብሎ ስለጠረጠረ አስመርምሮታል። ማንሱር የሳላት ያቺ የኛ አገር የሜዳ አህያ ዛሬ ለንደን ውስጥ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ትገኛለች። የማንሱር ነው የሚባል ሌላ ሥዕል ደግሞ የሳይቤሪያ ክሬን የተባለውን ነጭ፣ ባለ ረጅም እግር ወፍ ያሳያል። ይህን ወፍ ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ሐበሻ ከተነሳ አይቀር፣ የጃሃንጊር ትልቁ ራስ ምታት በባርነት ተሸጦ ህንድ የገባና ኋላ የዴካን ጦር መሪ የሆነው ኢትዮጵያዊው ማሊክ አምባር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ዘመኑ ሊይዘው አልቻለም። ስለዚህ ምን አደረገ? አስሳለው። አቡል ሐሰን በሳለው ሥዕል ላይ ጃሃንጊር የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ ይታያል። በዚያ ቤተ መንግሥት አደንና ሥልጣን አንድ ቋንቋ ነበሩ። ንጉሥ ነብር ገደለ ማለት አገሩን ይዟል፣ ሰውን ከአውሬ ይጠብቃል ማለት ነው።

ግን ንጉሥ ብቻውን ነብር አያገኝም። ዱካ የሚከተሉ ሰዎች ቀድመው ይወጣሉ። ቀመርጋ በሚባለው የከበባ አደን ደግሞ እጅግ ብዙ ሰው ጫካውን ከቦ፣ ክቡን ቀን በቀን እያጠበበ፣ አውሬውን ሁሉ ወደ መሐል ይነዳል። ንጉሡ የሚገባው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን የንጉሡ ቁጥር ነው።

ማማው

እንግሊዞች ሲመጡ መሣሪያው ተቀየረ፣ ባቡር ተጨመረ፤ አሠራሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። የቅኝ ገዥው መንግሥት ነብርን እንደ ተባይ ቆጥሮ ለሚገድል ሰው ጉርሻ ይከፍል ነበር። የታሪክ ጸሐፊው ማሄሽ ራንጋራጃን እንደገመተው ከ1875 እስከ 1925 ባሉት 50 ዓመታት ብቻ ከ80,000 በላይ ነብሮች ተገድለዋል። ማሃራጃዎቹም ለእንግሊዝ እንግዶቻቸው ነብር ማስገደልን እንደ ዲፕሎማሲ ያዙት። ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በ1911 መጨረሻ ለዘውድ በዓሉ ህንድ ሲመጣ ወደ ኔፓል ተሻገረና፣ በ10 ቀን ገደማ እሱና አብረውት የሄዱት 39 ነብር ጣሉ።

አደኑ እንዴት ነበር የሚካሄደው? ምሽት ላይ የጎሽ ጥጃ ጫካ ውስጥ ይታሰራል። ነብሩ መጥቶ ከገደለው አይርቅም፤ ጠግቦ አጠገቡ ይተኛል። ጠዋት ዱካ አዋቂው፣ «ሺካሪ» የሚሉት፣ ሄዶ ያያል። ከዚያ ነብሩ ሊወጣበት በሚችለው አቅጣጫ ዛፍ ላይ «ማቻን» ይሠራል። ማቻን ማለት የኛው ማማ ነው፤ ልዩነቱ የኛ ገበሬ ማማ ላይ የሚወጣው ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ነው። ባለ ጠመንጃው እንግዳ ማማው ላይ ይቀመጣል። በሌላ በኩል የመንደሩ ሰው ተሰልፎ፣ ከበሮና ቆርቆሮ እየደበደበ፣ እየጮኸ ነብሩን ወደ ማማው ይነዳል። ይሄ «ሃንካ» ይባላል።

እስቲ አስቡት፤ ማማው ላይ ያለው ሰው ጠመንጃ አለው፣ ከፍታ አለው። መሬት ላይ ያለው ሰው ያለው ዱላና ድምፁ ነው። ነብሩ ቆስሎ ቢመለስ የሚያገኘው ማንን ነው? ያ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፈቅዶ አልነበረም። «ቤጋር» በሚባለው የግዴታ ሥራ ገበሬው ለጌታው ያለ ክፍያ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ሃንካም አንዱ ነበር። ፎቶው ላይ የሚቆመው ግን፣ እግሩን ነብሩ ላይ ጭኖ፣ ማማው ላይ የነበረው ነው።

ከአዳኞቹ ውስጥ ራሱ ሐሳቡን የለወጠም ነበር። ጂም ኮርቤት በ1907 የቻምፓዋት ነብር የተባለችውን፣ 436 ሰው ገድላለች የሚባልላትን እንስት ነብር የገደለ ሰው ነው። ኋላ ግን ብዙ ጊዜውን ለካሜራ ሰጠ። ወደ ካሜራው ከሳቡት አንዱ የደን መኮንኑ ፍሬድሪክ ቻምፒየን ነበር። ቻምፒየን የነብር መንገድ ላይ ሽቦ ዘርግቶ፣ ነብሩ ሲነካው ራሱን በብልጭታ ፎቶ እንዲያነሳ አድርጓል፤ ይሄ በ1920ዎቹ ነው። ዛሬ ነብር የሚቆጠርበት የካሜራ ወጥመድ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ከንግሥቲቱ አደን እስከ 1973

ራንታምቦር የጃይፑር ማሃራጃዎች የግል የአደን ጫካ ነበር። በጥር 1961 ንግሥት ኤልሳቤጥና ባለቤቷ ልዑል ፊሊፕ የጃይፑሩ ማሃራጃ እንግዶች ሆነው መጡ። ፊሊፕ እዚያ አንድ ነብር ገደለ፤ ፎቶው ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ሳይቀር ብዙ ሰው ተቆጣ። ያንን አደን ካዘጋጁት ወጣት ሠራተኞች አንዱ ፋቴህ ሲንግ ራቶር ይባላል። ስሙን ያዙት።

ከዚያ ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። በ1969 የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ጉባኤውን ዴሊ ላይ አደረገና የነብር ጉዳይ ተነሳ። በ1970 ነብር ማደን ተከለከለ። በ1972 በተደረገ ቆጠራ 1,827 ነብር ብቻ ተገኘ፤ ለመቶ ዓመቱ መባቻ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 40,000 ነበር። በዚያው ዓመት ኢንዲራ ጋንዲ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግን አስወጣች፤ ሚያዝያ 1 ቀን 1973 ደግሞ «ፕሮጀክት ታይገር» በ9 ጥብቅ ቦታዎች ተጀመረ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ካይላሽ ሳንካላ ነበር። ራንታምቦር ከዘጠኙ አንዱ ነው።

ታዲያ ጫካው ባዶ አልነበረም። ራንታምቦር ውስጥ ሰው የሚያርስባቸው፣ ከብት የሚያረባባቸው ከ10 በላይ መንደሮች ነበሩ። መንደርተኛውን አሳምኖ የማስወጣት ሥራ የተሰጠው ለዚያው ለራቶር ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ መንደሮቹ ወጡ። ነብሮቹ ቀስ በቀስ ሌሊት ብቻ መውጣታቸውን ትተው በቀን መታየት ጀመሩ፤ የራንታምቦር ዝና የመጣው ከዚህ ነው። ራቶርን በ1981 የግጦሽ ክልከላው ያስቆጣቸው ሰዎች ደበደቡት፣ አጥንቱ ተሰበረ። ከዳነ በኋላ ወደዚያው ተመለሰ፤ እስከ 2011 ሞቱ ድረስም ከራንታምቦር ጋር ኖረ። ጀግና ነው? ለነብሩ አዎ። ሜዳዋን ላጣችው ሴትዮስ? ይሄን ጥያቄ እኔ ከሩቅ አልመልሰውም፤ ግን ጥያቄውን ዘልሎ ታሪኩን መናገርም አይቻልም።

ጂፑ ላይ

የዛሬው ሳፋሪ ምን ይመስላል? ጫካው በቁጥር በተለዩ ቀጠናዎች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ መኪና የተመደበለት ቀጠና አለው። «ጂፕሲ» የሚሏት ክፍት መኪና 6 ሰው ትይዛለች፤ «ካንተር» የሚባለው አነስተኛ የጭነት መኪና ደግሞ 20። የክረምት ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ራጃስታን በረሃ ነው ብላችሁ በቲሸርት እንዳትሄዱ። መንገዱ በአሮጌው ምሽግ ሥር ያልፋል። ምሽጉ ውስጥ የጋኔሽ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰዎች የሠርግ ጥሪ ወረቀት በፖስታ ይልኩለታል። ስለዚህ የነብር ጫካ ውስጥ ጎብኚ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በእግሩ የሚወጣ ምዕመንም አለ።

ገና ከመግባታችን አስጎብኚያችን ሹፌሩን አስቆመው። መኪናው ጸጥ አለ። ከሩቅ «ኮው» የሚል ድምፅ መጣ። ሳምባር የሚባለው ትልቁ አጋዘን ነው አለን፤ ነጠብጣቡ አጋዘን በሆነ ባልሆነው ይጮሃል፣ ሳምባር ከጮኸ ግን ነገር አለ። ቀጥሎ ዛፍ ላይ ያለ ላንጉር ጦጣ ሳለ። ከዚያ ወርዶ ሳይሆን ጎንበስ ብቻ ብሎ አሸዋው ላይ ያለውን ዱካ አሳየን፤ የወንድ ነው፣ ጠዋት ያለፈ ነው፣ የመኪና ጎማ ገና አልረገጠውም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነብሩ ሣሩን ሰንጥቆ ወጣ፣ መንገዱን ይዞ ፊት ፊታችን ሄደ፣ አንዴም ዞሮ አላየንም። አብሮን የነበረ አንድ ልጅ ስልኩን ማውጣት ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔም ያው ነበርኩ።

ሻይ ስንጠጣ አስጎብኚውን ጠየቅሁት። አያቱ ሃንካ ላይ ከበሮ መቺ ነበሩ። አባቱ የተወለደው ጫካው ውስጥ ከወጡት መንደሮች በአንዱ ነው። ጠዋት ካለፍንባቸው ቦታዎች አንዱ፣ አጋዘኖች የሚግጡበት ሜዳ፣ የቤተሰቡ የስንዴ ማሳ ነበር። «ባባዬ አንዴ በዚህ መኪና ሊገቡ ፈልገው ነበር» አለኝ፣ «ትኬቱን ከፍዬ አስገባኋቸው። ነብር አላዩም። ጉድጓድ ውኃቸውን ግን አሳዩኝ።» ይሄን ሲል አልተማረረም። ልጆቹን የሚያስተምረው በዚሁ ሥራ ነው። አያቱ ነብሩን ወደ ጠመንጃ የነዱበትን እውቀት እሱ ሰውን ወደ ነብር ለመንዳት ይጠቀምበታል፤ ሲቆጠር ልዩነቱ አንድ ነገር ነው፣ እሱ ይከፈለዋል።

ማችሊ ስለምትባለው እንስት ነብርም ነገረን። ከአዞ ጋር ስትታገል የተቀረጸች፣ በዓለም ላይ ብዙ ፎቶ ከተነሱ ነብሮች አንዷ ናት። ነሐሴ 2016 ስትሞት በአበባ ሸፍነው፣ በሂንዱ ሥርዓት አስከሬኗን አቃጠሉ። ከ1961ዱ ፎቶ እስከዚህ ቀብር ያለው 55 ዓመት ብቻ ነው።

ወፍና ድንጋይ

ባራትፑር ሌላ ዓይነት ነው። ኬኦላዴኦ ፓርክ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ረግረጉም የተፈጥሮ ብቻ ሥራ አይደለም፣ ማሃራጃዎቹ ዳክዬ ለማደን ብለው ውኃ ጠልፈው ያሰፉት ነው። ቤተ መቅደሱ አጠገብ የድንጋይ ጽላቶች ቆመዋል። ቀን፣ የእንግዳ ስም፣ የጠመንጃ ብዛት፣ የወፍ ብዛት። አንደኛው ኅዳር 12 ቀን 1938 ይላል፤ የህንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ሊንሊትጎና አብረውት የነበሩት በአንድ ቀን 4,273 ወፍ ጣሉ። ያንን ድንጋይ አንብቤ ዞር ስል ባለቀለም ሽመላዎች ግራር ላይ ጫጩት ይመግባሉ። አደኑ ባይኖር ረግረጉ በዚህ መልኩ አይኖርም ነበር። የማይመች እውነት ነው፣ ግን እውነት ነው።

የቀድሞው ማሃራጃ የማደን መብት እስከ 1972 ቆይቶለት ነበር። ቦታው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የከብት ግጦሽ ተከለከለ። የአካባቢው ሰው ግን ጎሾቹን እዚያ ለትውልዶች አግጧል። ኅዳር 1982 መንደርተኞች ተቃውመው ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። ክልከላውን ከደገፉት ውስጥ የህንድ የወፍ ጥናት አባት የሚባለው ሳሊም አሊ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ሳሊም አሊ ዕድሜውን የሰጠለት የቦምቤይ የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ቦታውን ለዓመታት አጠና። ጎሾቹ ሲወጡ፣ ሲግጡት የነበረው የውኃ ሣር ያለ ከልካይ በቀለ፣ ውኃውን ሸፈነ፣ ዓሣውንም ወፉንም አስቸገረ። ማለትም ሰዎች የሞቱበት ክልከላ ወፎቹን ጭምር ጎዳ። ማንሱር የሳለው ያ ነጭ የሳይቤሪያ ክሬንም ከአገር አገር እያቋረጠ ክረምቱን እዚህ ያሳልፍ ነበር። ለመጥፋቱ በመንገዱ ላይ ያለው አደንም ምክንያት ሆኗል። በ2002 የመጨረሻዎቹ ታዩ። ከዚያ በኋላ አልመጡም።

እኔን ያስጎበኙኝ ሪክሾ ነጂ ሽማግሌ እሳቸው አይተውታል። ፓርኩ ሪክሾ ነጂዎችን ስለ ወፍ አሠልጥኖ ፈቃድ ሰጥቷቸዋል። «ጫጩቱን መሐል አድርገው ነበር የሚሄዱት» አሉኝ፣ በእጃቸው እያሳዩ። ከዚያ ጸጥ ብለው ፔዳሉን ረገጡ፤ ትንሽ ቆይተው ጉጉት አሳዩኝ።

ሳሪስካ

ይሄ ሁሉ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ሳሪስካ። ከዴሊ ብዙም የማይርቅ የነብር ጥብቅ ጫካ ነው። በ2004 የመንግሥት ቆጠራ ከ15 በላይ ነብር አለ ይል ነበር። በ2005 መጀመሪያ ሲመረመር ግን አንድም አልነበረም፤ አዳኞች ጨርሰዋቸው ነበር። ቆጠራው የሚደረገው በዱካ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ከላይ የሚጠበቀውን ያህል ይወጣል። መንግሥት ያቋቋመውና በሱኒታ ናራይን የተመራው ግብረ ኃይል አንድ ነገር በግልጽ አስቀመጠ፤ ዙሪያው ያለው ሕዝብ ጠላት ሆኖ ነብር በጠመንጃ ብቻ አይጠበቅም። ከዚያ በካሜራ ወጥመድ የተደገፈ ቆጠራ ተጀመረና ለ2006 የወጣው ቁጥር 1,411 ሆነ፤ ከ1972ም ያነሰ። በ2008 ከራንታምቦር ነብር በሄሊኮፕተር ተጭኖ ሳሪስካ ገባ። በ2022 የአገሪቱ ግምት 3,682 ደርሷል።

በ2006 የወጣው የደን መብት ሕግ ደግሞ ነዋሪን ያለ ፈቃዱ ከጫካ ማስወጣትን ከልክሏል፤ አፈጻጸሙ ዛሬም ያከራክራል። ራንታምቦር ዙሪያ ከብት ጠባቂዎች ራሳቸው ካሜራ ተሰጥቷቸው ከጥብቁ ክልል የወጡትን ነብሮች ይከታተላሉ። ከብቱን ይዞ ሲውል ዱካውን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ስለሆነ፣ ይሄን ለማወቅ ብዙ ዓመት መፍጀቱ ይገርማል።

ከሰፈራችን ልጆች አንዳንዶቹ ህንድ ሲሄዱ «ነብሩን የት እናገኘዋለን?» ብለው ይጽፉልኛል። የምመልሰው አጭር ነው። ቀጠናውን አስቀድማችሁ አስይዙ፣ ጃኬት ያዙ፣ ስልካችሁን ዝም አሰኙት። ነብሩ ባይወጣ አስጎብኚውን አትቆጡት፤ እሱ ነብሩን አላሰረውም፣ ማሰር የቀረው በብዙ ትግል ነው። ከጉብኝቱ በኋላ ሻይ ጋብዙትና አባቱ የት እንደተወለዱ ጠይቁት።